የቦርባላ ሽንኩርት

ውድ ኤቴልካ፣

ይህ አራተኛው ደብዳቤዬ ነው። ሦስቱን የቀደድኳቸው አምረው ስለወጡ ነው። አሳምሬ ስጽፍ ምን እንደማደርግ አንቺ ከማንም በላይ ታውቂዋለሽ።

የከተማችንን ታሪክ የጻፍኩበትን መጽሐፍ አስፈርመሽ ከቲሳቫር ከሄድሽ ሰባት ወር ሆነ። ሴገድ ከተማ ልጅሽ ዘንድ ደኅና መሆንሽን የፖስታ ቤቷ ማሪሽካ ነግራኛለች። «ደኅና ናት፤ ስለ አንተ ግን አልጠየቀችም» ብላ ሳልጠይቃት ጨመረችልኝ።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምረው። አንቺ ታውቂዋለሽ፤ እኔ ግን የራሴን ጥፋት ጨምሬ እስከ መጨረሻው ጽፌው አላውቅም።

ከተማችን በሦስት መቶ ዓመት ዕድሜዋ ሁለት ጊዜ ጎርፍ ወስዷታል፣ አንድ ጊዜ ተቃጥላለች፤ መንግሥት ስንት ጊዜ እንደተቀያየረባት ግን መጽሐፌ ውስጥ እንኳ በቅጡ አልቆጠርኩትም። ያቆማት ሽንኩርት ነው። ባቡሩ የመጣው ለሽንኩርት ነው፤ የቤተ ክርስቲያኑ ትልቁ ደወል የተገዛው በሽንኩርት ነው፤ እኔና አንቺ አንድ ወንበር ላይ የተቀመጥንበት ትምህርት ቤትም እንዲሁ። ከዚያ በፊት ሽንኩርታችን ከማንም ሽንኩርት አይሻልም ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ጠጠር የምታህል ፍሬ ይሰጣል፤ እሷን የበረዶውን ወራት አቆይተው በጸደይ መልሰው ይተክሏታል። ብርድ ያገኛት ፍሬ ግን ታብባለች፤ ያበበች ሽንኩርት ደግሞ ለዓይን እንጂ ለድስት አትሆንም። ሰዉ ይህን የእግዜር ቁጣ ነው ብሎ ለቄሱ ትቶት ኖረ።

ቅድመ አያትሽ ቦርባላ ያኔ ቅድመ አያቴ ጋሽፓር ቤት ገረድ ነበረች። በለቀማው ጊዜ ሁለት እፍኝ የዘር ሽንኩርት በመቀነቷ ቋጥራ ሰረቀች። እንዳይታይባት ከጎጆዋ ቆጥ ላይ፣ የጭስ ማውጫው ጥግ ወሸቀችው። ሽንኩርቱ የበረዶውን ወራት ሁሉ ሲሞቅ ከረመ። በጸደይ ከጓሮ ተከለችው፤ አንዱም ሳያብብ ቡጢ ቡጢ የሚያህል ወጣ። ጋሽፓር አይቶ «ከየት አመጣሽው?» አላት። ደንግጣ ሁሉንም ተናዘዘች፤ ስርቆቱንም፣ ቆጡንም። በስርቆቱ አባረራት፤ በቆጡ ሀብታም ሆነ።

ጎረቤቱ ከጋሽፓር ቀዳ፣ አገሩ ከጎረቤቱ። ለቦርባላ ዘር የቀረው ስድቡ ነው። አንቺ ወደ ክፍል ስትገቢ ልጆቹ «የቦርባላ ዘር መጣች፣ ኪሳችሁን ያዙ!» ይሉ ነበር። እኔም ከልጆቹ መካከል ሆኜ ከንፈሬን አንቀሳቅስ ነበር። ድምፅ አላወጣሁም፤ እስካሁንም ያንን እንደ ደግነት እቆጥረው ነበር።

ታሪኩን ልትነግሪኝ ወጥ ቤትሽ ያስቀመጥሽኝን ቀን አስታውሳለሁ። ዳቦ ላይ የአሳማ ጮማ ቀብተሽ፣ ሽንኩርት ከትፈሽ ነስንሰሽ አቀረብሽልኝ።

«ስርቆቱንም ጻፈው» አልሽኝ።

«ግድ ነው እንዴ?»

«ስርቆቱን ካወጣኸው ሽንኩርቱ ጭስ ማውጫ ሥር ምን ይሠራል? ቅድመ አያቴ የተማረች ሴት አልነበረችም፤ የፈራች ሴት ነበረች። ፍርሃቷን እንኳ አትውሰድባት። ደግሞ ብላ እንጂ፣ ዳቦው ይደርቃል።»

በላሁም፣ ጻፍኩም። ዘጠኝ ገጽ።

የከተማው ምክር ቤት ሊቀ መንበር ዴዦ ዘጠኙን ገጽ አንብቦ መነጽሩን አወለቀ። «ጌታው፣ የከተማ ታሪክ ከገረድ መቀነት አይጀምርም። ቱሪስት ይመጣል።»

«የቱ ቱሪስት?»

«አንድ ቀን ይመጣል። እንግዲህ ስርቆቱን ሰርዝልኝና ሌላው ይሁን።»

ኤቴልካ፣ ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለዚህች ቃል ነው። እሱ ሰርዝ ያለኝ ስርቆቱን ብቻ ነበር። ስሟን የሰረዝኩት እኔ ነኝ። ማንም አልጠየቀኝም። ቤት ሄድኩ፣ ተቀመጥኩ፣ «ጋሽፓር ከብዙ ዓመት ምርምር በኋላ» ብዬ ጻፍኩ። ጋሽፓር ስሙን መፈረም የማይችል፣ በጣቱ የሚያትም ሰው ነበር። ምርምሩ አንዲት ሴት ማባረር ነበር። ዓረፍተ ነገሩ ግን ጥሩ ወጣልኝ፤ ሁለት ጊዜ ጮክ ብዬ አነበብኩት።

በመጽሐፉ ምረቃ ቀን ሰማያዊውን ቀሚስሽን ለብሰሽ መጣሽ። መጽሐፉን ገዛሽ፤ ቆመሽ የስም ማውጫውን ገለጥሽ። ጣትሽ ከላይ ወደ ታች ወረደ፤ አንድ ቦታ ላይ ቆመ፤ እንደገና ከላይ ጀመረ። እኔ ከዴዦ ጋር የፕለም አረቄ ይዤ እያየሁሽ ነበር። መጥተሽ ትሰድቢኛለሽ ብዬ መልስ አዘጋጅቼ ነበር፤ መልሱም አምሮ ነበር። አንቺ ግን መጽሐፉን ዘርግተሽ «ፈርምልኝ» አልሽ። «ለረዳችኝ ለኤቴልካ፣ ከምስጋና ጋር» ብዬ ጻፍኩ። አነበብሽው። «ጽሑፍህ ሁልጊዜም ያምራል» ብለሽ ሄድሽ።

ባለፈው ማክሰኞ ዘጠኙን ገጽ ይዤ ምክር ቤቱ ፊት ቀርቤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩት። ከእንግዲህ ጀግና ሆንኩ ብዬ እንዳልጽፍልሽ የሆነውን ልንገርሽ። ስጨርስ ከኋላ የተቀመጡት አዛውንቱ ገበሬ ጋሼ ቪንፀ «ይህን እኛ ቤት ሁሉም ያውቃል» አሉ።

«ታዲያ ለምን ዝም አላችሁ?»

«ታሪክ ጸሐፊው አንተ ነህ። እኛ የምናውቀው ሽንኩርት መትከል ነው።»

ዴዦ ጉዳዩን ለመኸር አስተላለፈው። የቱ መኸር እንደሆነ አልተናገረም።

ስለዚህ ምክር ቤቱ የማያዝበትን አንድ ነገር ፈለግኩ። ቤቴ ግድግዳ ላይ፣ መንገዱን ይዞ፣ «የሽንኩርታችን አባት ጋሽፓር እዚህ ኖረ» የሚለው የነሐስ ሰሌዳ ተሰቅሎ ነበር። ረቡዕ ቀን በጠራራ ፀሐይ መሰላል አቁሜ ነቀልኩት። ግድግዳው ለብዙ ዓመት ፀሐይና አቧራ የበላው ነው፤ ሰሌዳው የነበረበት ቦታ ብቻ አዲስ ቀለም የተቀባ ይመስል ነጭ ሆኖ ቀረ። ከሩቅ ይታያል። ገበያ የሚሄድ ሁሉ ቆሞ «ምን ነበር እዚህ?» ይላል። ወጥቼ እነግረዋለሁ፤ ስሟን፣ መቀነቷን፣ ፍርሃቷን፣ ማን እንደሰረዛትም። እስካሁን ዐሥራ አንድ ሰው ነው። አንዷ ሴትዮ እስከ መጨረሻው አዳምጣ «ለማንኛውም ግድግዳው ቀለም ያስፈልገዋል» ብላኝ ሄደች። አልቀባውም።

ያንን መጽሐፍ መልሰሽ ላኪልኝ። የፈረምኩበትን ገጽ ገንጥዬ ዘጠኙን ገጽ በእጄ ገልብጬ፣ ስሟን ከነስርቆቷ ማውጫው ውስጥ አግብቼ እመልስልሻለሁ። የመጽሐፉን ሌሎች ቅጂዎች አንድ በአንድ አሳድዳቸዋለሁ፤ አብዛኞቹ ዴዦ ቢሮ ስላሉ ሩቅ አይደሉም።

ይቅርታ አልጠይቅሽም። ብጠይቅሽ ትሰጪኛለሽ፤ አውቅሻለሁ። ያኔ እሱንም እንደወሰድኩብሽ ይቆጠራል።

ከሁለት እፍኝ በላይ የወሰደብሽ፣
ገርገይ