ብርቄ፣ አረቄውን ተውኩት

ብርቄ የቤቴ ሰው፣ ከተለያየን ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሆነን። እንደምን አለሽ ብዬ አልጠይቅሽም፤ አንቺ ባለሽበት ሰላም እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እኔ ደህና ነኝ። እውነቴን ነው፤ አምና እንዲህ ብዬ ብጽፍልሽ ውሸት በሆነ ነበር።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ መጠጣት ጀመርኩ። ያውም ሰርግ ላይ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ይዞ የሚያመሸው ባልሽ! የስፌት ሱቄን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እዘጋና ቀጥታ ወደ አረቄ ቤት ነበር። ለአንድ ዲያቆን ሱሪ ስሰፋ አንዱን እግር በግልባጩ ገጥሜበት፣ ለብሶት ሲወጣ ገበያው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ልጃችን ትርንጎ ግን አልሳቀችም። ዐረብ አገር ልትሄድ ሻንጣዋን አዘጋጅታ ነበርና፣ "አባዬ፣ ከመሄዴ በፊት አንድ ነገር ብቻ እሺ በለኝ፤ ሆስፒታል እንሂድ" አለችኝ።

መርፌ የሚወጉኝ መስሎኝ እጅጌዬን ሰብስቤ ገባሁ። የሥነ ልቦና ባለሙያዋ የትርንጎ እኩያ ናት። ክንዴን አየችና ፈገግ ብላ፣ "እጅጌዎን ያውርዱት፤ እዚህ መድኃኒቱ ወሬ ነው። እስቲ ስለ ባለቤትዎ ያጫውቱኝ" አለችኝ። ለወሬማ ማን ብሎኝ! አንድ ሰዓት ሙሉ ስላንቺ አወራሁ፤ መጨረሻው ላይ ግን እንባ ቀደመኝ።

ቀጥላ ደብተር ሰጠችኝ። አረቄ ባማረኝ ቁጥር አስቀድሞ በልቤ የመጣውን ሐሳብ እንድጽፍ ነው። ሳምንት ጽፌ ባየው ሁልጊዜ ያው ነው፦ "ቤቱ ባዶ ነው፤ ገብቼ ምን አደርጋለሁ?" አነበበችውና፣ "እውነት ባዶ ነው? ትርንጎስ?" አለችኝ። በሌላ ቀን ሁለታችንን አብራ አስቀመጠችን። ልጅሽ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ፣ "እማዬ የሞተች ቀን ሁለታችሁንም ነው ያጣሁት" አለች። ብርቄ፣ ያን ቀን ሱቁን ዘግቼ ቀጥታ ቤቴ ገባሁ።

ባለሙያዋ ስላስገባችኝ ቡድንም ልንገርሽ። ሐሙስ ሐሙስ ከእኔ ቢጤዎች ጋር ክብ ሠርተን እንወያያለን። ከፃግብጂ ወረዳ የሚመጣ አንድ ገበሬ አለ፤ ግማሹን በአገሩ ቋንቋ በኽምጣና፣ ግማሹን በአማርኛ ነው የሚያወራው። "እኔስ ትቼው ነበር፤ አህያዬ ናት አረቄ ቤቱ ደጃፍ ሳልቆም አላልፍም ያለችው" ቢለን፣ "እንግዲያ ለሐሙስ እሷንም ይዘሃት ና" አልኩት። የሳቃችንን ነገር የውጭ ሰው ቢያይ ሰክረዋል ይለን ነበር። ታዲያ ሁሉም ሳቅ አልነበረም። የዘመድ ሰርግ ላይ ተሸንፌ ጠጣሁ። አፍሬ ልቀር ስል ያ ገበሬ ሱቄ ድረስ መጣና፣ "ወድቆ መነሣት ያለ ነው፤ ተነሥ እንሂድ" ብሎ ይዞኝ ሄደ።

ይህን ደብዳቤ ጻፍ ያለችኝም ባለሙያዋ ናት። "ሳይነግሯት የቀረውን ይንገሯት" አለችኝ። ይኸው እነግርሻለሁ። ያረፍሽበት ቀን፣ "ትንሽ አጠገቤ ተቀመጥ" ስትዪኝ፣ የሙሽራ ልብስ ላድርስ ብዬ ወጣሁ። ስመለስ አልደረስኩብሽም። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ይቅር በይኝ ብርቄ። ይህን ከጻፍኩት በኋላ ሸክም እንዳወረደ ሰው ቀለለኝ።

ትርንጎ ሻንጣዋን ፈታችው። አሁን ሱቅ ውስጥ አብረን ነን፤ ጥልፉን እሷ ትሠራለች። ደንበኛው ሁሉ እኔን አልፎ እሷን ሆኗል የሚጠይቀው። የሰፋሁትን ሱሪ ሁሉ አገላብጣ ሳታይ ለሰው አትሰጥም፤ ስትቆጣኝ ደግሞ ቁርጥ አንቺን!

አልረሳሽም። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሁለታችንም መቃብርሽ ዘንድ መጥተን ስምሽን እናነሣለን። ከእንግዲህ ስምሽን የማነሣው ብርጭቆ ሳላነሣ ነው።