ለፎቶ ብቻ ስለቆመው የጎሎንድሪናስ ኮረብታ አሳንሰር

ለተከበሩ ሴኞር ኤቫሪስቶ ኩዌቫስ፣
የወደባችን የአንድ ቀን ጉብኝት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

የማይንቀሳቀስ ነገር ለምን በየጊዜው ቀለም ይቀባል? ኮረብታ ላይ የሚኖር ሰው ሁሉ ደረጃው መሃል ቆሞ ትንፋሹን ሲሰበስብ ይህን ሳይጠይቅ አልቀረም። እኔም መልሱን ስላጣሁ፣ ጤናዎ እንደ አሳንሰራችን ቀለም ዘወትር የታደሰ እንዲሆን እየተመኘሁ ይህን በአደባባይ ልጽፍልዎ ደፈርሁ።

አስቀድሜ፣ በቱሪዝም በተመረቅሁ ማግሥት አስጎብኚ አድርገው ስለቀጠሩኝ አመሰግናለሁ። እንግዶችን ጠዋት ከዓሣ ገበያው አንስቶ፣ የባሕር አንበሶቹን አሳይቶ፣ እኔው ወደተወለድሁበት ኮረብታ ማድረስ ደስ የሚል ሥራ ነው።

አንደኛው ቅሬታዬ አሳንሰሩን ይመለከታል። በሐዲዱ ላይ በገመድ እየተሳበ ያሳደገን ያ የእንጨት ሳጥን «ለጥገና» ከቆመ ወዲህ መጀመሪያ ቢጫ፣ ቀጥሎ ሰማያዊ ሆኗል፤ መብራትም ገብቶለታል። እንግዶች ይገባሉ፣ ፎቶ ይነሣሉ፣ በገቡበት ይወጣሉ። የጎደለው ገመዱ ብቻ ነው፤ ገመድ ደግሞ በፎቶ አይታይም።

ሁለተኛው አክስቴን ዶኛ ኤደልሚራን ይመለከታል። ለኩላሊት እጥበት የሚሄዱበት ክሊኒክ ታች ነው፤ ጉልበታቸው ደረጃውን አይችልም። ስለዚህ ጎረቤቶች በወጥ ቤት ወንበር አስቀምጠው፣ ለአራት የወንበሩን አንዳንድ እግር ይዘው ያወርዷቸዋል። «ቀስ በሉ እንጂ፣ የድንች ጆንያ መሰልኳችሁ?» ይላሉ አክስቴ። «ኧረ ዶኛዬ፣ ድንች እንኳ ዝም ይላል!» ይሏቸዋል ዓሣ አጥማጁ ዶን ኒባልዶ። እጥበቱ ቢቀር ምን እንደሚከተል ግን ከመካከላቸው የማያውቅ የለም።

ሦስተኛው ባለፈው ሐሙስ የሆነው ነው። እንግዶችዎን ይዤ ደረጃውን ስወጣ ወንበሩ ሲወርድ ተገናኘን። እንግዶቹ አጨበጨቡ። አንዱ፣ «ይህ የአካባቢው ባህል ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። እርስዎ እንዳሠለጠኑኝ ፈገግ ብዬ ቃል ስፈልግ፣ አክስቴ ከወንበራቸው ሆነው፣ «አዎ በያቸው ልጄ፤ አሳንሰሩ ከቆመ ወዲህ የመጣ ባህል ነው በያቸው» አሉኝ። ተረጎምሁት። ሳቁ።

ይህ ለጽሕፈት ቤትዎ ጆሮ መድረሱን ያወቅሁት «የወንበር ቁልቁለት፣ ሐሙስ ጠዋት» በአዲሱ የጉብኝት ፕሮግራም ውስጥ ገብቶ ሳየው ነው። ተሸካሚዎቹ የገጠሩን የሱፍ ካባ፣ ፖንቾ፣ ቢደርቡ ለፎቶ እንደሚያምር በረዳትዎ በኩል ስለመከሩንም እናመሰግናለን፤ በዚህ ኮረብታ ፖንቾ ያለው ሰው እያፈላለግን ነው።

መቆጣት ነበረብኝ። ቤት ገብቼ ሻዬን ቀዳሁ፣ ዳቦዬ ላይ አቮካዶ ቀባሁ፣ በላሁ። ምንም አልተሰማኝም። በማግሥቱም እንግዶቼን ወደ ባሕር አንበሶቹ ወሰድሁ። ወጣትነት ይሁን ሞኝነት፣ ያ ገመድ አንድ ቀን ይመጣል ብዬ አሁንም አስባለሁ፤ ብቻ ሳስበው ልቤ አይመታም።

ለሰማያዊው ቀለም ካለኝ ጥልቅ አክብሮት ጋር፣
ምንጊዜም ፈገግ እንድትል ያሠለጠኗት ታዛዥ አስጎብኚዎ፣
ያስና ኢኖስትሮሳ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ዶን ኒባልዶ ወገባቸውን ታመው ተኝተዋል፤ ለመጪው ሐሙስ የወንበሩ አራተኛ እግር ያዥ የለውም። መልስዎን ለመጻፍ ጊዜ ካጡ እጅዎን ብቻ ይዘውልን ይምጡ፤ ጠዋት ከደረጃው አናት እንጠብቅዎታለን። ፖንቾው ግዴታ አይደለም።