ቅቤ የሌለበት ፕሬዝል

እሑድ፣ መጋቢት 13 ቀን 2018

በሮተርዳም እንደ እኔ ፕሬዝል የሚጋግር የለም። እሺ፣ አጠገቧ ባለችው ካፔለ በምንኖር ሐበሾች መካከል የለም። ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ ያንን የተጠላለፈ የጀርመን ዳቦ ከምሠራበት ዳቦ ቤት ጋግሬ አምጥቼ አቀረብኩ።

እማማ ዘነበች እጃቸውን ሰበሰቡ። «ሁዳዴ ነው ልጄ። ቅቤ እንደሌለበት በምን አወቅህ? ፊደል አልቆጠርክ» አሉኝ በሰው ፊት።

የአሠራሩን ወረቀት ከኪሴ አወጣሁ። በጣቴ እየተከተልኩ በሆላንድኛ የተጻፈውን አነበብኩና ተረጎምኩላቸው፦ ዱቄት፣ ውሃ፣ እርሾ፣ ጨው፣ ሶዳ። በቃ።

እማማ ሁለት በሉ። «ለምን ተጠላለፈ?» አሉኝ።

«ድሮ አንድ የላስታ መነኩሴ ለጾም ሲጋግር፣ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ የሚጸልይ ሰው አስመስሎት ነው ይባላል።»

ማንበብ ያስተማረኝ የማታ ትምህርት ዛሬ አኮራኝ። መነኩሴው የላስታ ሰው ነው ያልኳቸውን ግን እኔው ነኝ የፈጠርኩት። እሳቸው ደግሞ ለቄሱ ነግረዋል።