ሪባኑ ያልተቆረጠለት ማሽን

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ሥራ አስኪያጅ፣
አቃቂ ቃሊቲ

ክቡር ሆይ፣ ይህ ግልጽ ደብዳቤ ከነመላው ቤተሰብዎ በጤና፣ በተለይም ከራስ ምታት በጸዳ ጤና እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። ፌኔት ጉዲሳ እባላለሁ፤ የቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነዋሪና የኤባ ባለቤት ነኝ። ኤባ ማለት ታክሲ ውስጥ ድንገት ራሱን ስቶ ወደ እናንተ የመጣው፣ በአሮጌው ማሽን ታይቶ ጭንቅላቱ ውስጥ እብጠት የተገኘበት ሰው ነው። እብጠቱ ካንሰር ይሁን ቲቢ አሮጌው ማሽን መለየት አልቻለም፤ ቲቢ ከሆነ ደግሞ በኪኒን ይድናል።

ዶክተር ሙሉአለም፣ ዕድሜ ይስጣቸውና፣ በትዕግሥት እንዳስረዱኝ አዲሱ ማሽናችሁ ፎቶ ከማንሣት አልፎ እብጠቱ ውስጥ ያሉትን ኬሚካሎች ያነባል፤ ካንሰር ኮሊን የሚባለውን ያበዛል፣ ቲቢ ደግሞ በአብዛኛው ስብ ያሳያል። ሁልጊዜ እርግጠኛ ባይሆንም ብዙ ጊዜ ራስ ቅል ሳይከፈት መልስ ይገኝበታል። ደስ ብሎኝ ዛሬውኑ ይታይልኝ አልኩ። ማሽኑ ገና እንዳልተመረቀ የሰማሁት ያኔ ነው። ስለዚህ የሚከተሉትን በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ።

1ኛ፦ ማሽኑ ተተክሏል፣ ተሞክሯል፣ ባለሙያዎቹም ሠልጥነዋል፤ የቀሩት የክብር እንግዳው ብቻ ናቸው። እኛ የምናውቀው ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ሲባል ነበር፤ እናንተ ዘንድ በርበሬው ተቀንጥሶ ከተፈጨ በኋላ ሰርገኛው ቀረ። ለዚህ ቅድመ ዝግጅት ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

2ኛ፦ በሩ ላይ ያሰራችሁት ሪባን እጅግ ያምራል። የጥበቃው ጋሽ ደበላ አቧራ እንዳይቀመጥበት በየጠዋቱ ሲያራግፉት አይቻለሁ። ኤባ እዚያው ኮሪደር ላይ ግራ እጁ እየደነዘዘ ግድግዳ ተደግፎ ይቀመጥ ነበር፤ እሱን ግን ዞር ብሎ ያየው አልነበረም።

3ኛ፦ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ስለምንዎ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ብለው መክረውኛል። ምክርዎን በአክብሮት ተቀብያለሁ። ያልተመረቀ ማሽን ላይ በሽተኛ ማስተኛት እንግዳውን መናቅ ነው ሲሉኝ ደግሞ፣ ባለቤቴ ፕሮቶኮል ሳይጠብቅ በመታመሙ አፈርኩለት። ከቢሮዎ ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ይህንን የምጽፈው እንዲያዝኑልኝ ሳይሆን ደረጃው ንጹሕ መሆኑን ለመመስከር ነው።

4ኛ፦ የኤባ ጭንቅላት ለናሙና የሚከፈተው ማክሰኞ ነው። ምረቃው ግን እንደገና ተላልፎ እንግዳው ሲመቻቸው ተብሏል። ሪባን ከመቁረጥ ራስ ቅል መቁረጥ የቀለለበትን ተቋም በመምራትዎ እንኳን ደስ አለዎት።

ፈቃድዎ ሆኖ ሰኞ ዕለት በሩ ላንዳፍታ ቢከፈትልን፣ ሪባኑን ሳንነካ በሥሩ ጎንበስ ብለን እንገባለን። ኤባ ረጅም ነው፤ ግን ስለ ሕይወቱ ሲል ያጎነብሳል። እኔ ፈርቻለሁ፣ ክቡር ሆይ፤ ምናልባት በኪኒን ለሚድን ሰው ጭንቅላቱ እንዳይከፈት ነው የምለምንዎ።

የመቀሱን መምጣት ከደጅዎ ሆና በናፍቆት የምትጠባበቅ፣
ለክብርዎ ዘወትር እጅ የምትነሣ፣
ፌኔት ጉዲሳ

ማስታወሻ፦ የክብር እንግዳው የመጡ ዕለት መቀሱን ይዘው ወደ ማሽኑ እንዳይጠጉ አደራዎን ይንገሩልኝ። ዶክተር ሙሉአለም እንዳሉኝ ማሽኑ ውስጥ ያለው ማግኔት ሌት ተቀን ብረት ይስባል። እሱም እንደ ኤባ እብጠት ምረቃውን አልጠበቀም።