የክንዴ መቅላት

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፣

ደህና ነህ ወይ? ያ ጉልበትህስ ተሻለው? እኔ ደህና ነኝ ልልህ ነበር፤ ደብዳቤ ሲጀመር እንደዚያ ይባላል። ግን አንተን ዋሽቼ አንድም ቀን ተሳክቶልኝ አያውቅም።

እማዬ በስልክ «ክትባቱ ያዘላት፣ ክንዷ ቀላ» ብላ እንዳበሰረችህ፣ አንተም እንግዲያው ሥራዬን ጨርሼ ልምጣ እንዳልካት ነገረችኝ። የምጽፍልህ ለዚሁ ነው።

ይህ ክትባት ልጅ ሳለን በሽታ እንዳይዘን የተወጋነው ዓይነት አይደለም፤ ከያዘ በኋላ የሚሰጥ ነው። ከራሴው ደም በካንሰሩ የታመመውን ሕዋስ ለይተው ወሰዱ፣ ገደሉትና መልሰው ክንዴን ወጉኝ። ሰውነቴ ጠላቱን እንዲለይ ነው አሉ። ይህ ሁሉ ዘመን አብሮኝ ኖሮ ገና አሁን ትምህርት ቤት ሊገባ ነው ወይ ብዬ ስጠይቀው ሐኪሙ ሳቀ። የተወጋው ቦታ ከቀላ ሰውነቴ ነቅቷል ማለት ሊሆን እንደሚችል ሲነግረኝ እማዬ አጠገቤ ነበረች። ሌላውን ሁሉ ረስታ መቅላቱን ብቻ ይዛ ወጣች።

ከዚያ ወዲህ ሰላምታዋ «እስቲ ክንድሽን» ሆነ። ክንዴ ግን ምንም አላለ፤ መርፌ የነካው እንኳ አይመስልም። አንድ ቀን ኮቴዋን የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ስሰማ፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ በጥፍሬ ፈተግ ፈተግ አደረግኩት። አየችውና ወንበሩ ላይ ዘፍ ብላ አለቀሰች፤ በደስታ። ከዚያ በኋላ እንዴት ልተወው? ሲስተሯ ስፈትግ ይዛኛለች። ቆዳሽን ትልጪዋለሽ ብላ ቅባት ሰጠችኝ እንጂ ለማንም አልተናገረችም።

ባለፈው ሳምንት ሐኪሙ ብቻዬን ሆኜ አገኘኝ። በሽታው እየጨመረ ነው፣ ክትባቱን እናቆማለን አለኝ። ቀጥሎስ ብዬ ስጠይቀው፣ ሕመም እንዳይሰማሽ እናደርጋለን አለ። ሲወጣ ተናድጄ ትራሴን ወረወርኩት፤ መሬት እንኳ ሳይደርስ አልጋው ጫፍ ላይ ቀረ። አቅሜን ከዚህ እወቅልኝ።

ወንድምዓለም፣ ሥራዬን ልጨርስ አትበል። አሁን ና። ፈርቻለሁ። ለእማዬ እንዴት እንደምነግራትም ጨንቆኛል፤ አንተ አጠገቤ ሆነህ ብንነግራት ይሻላል ብዬ ነበር።

ትናንት እንቅልፍ ወስዶኝ እማዬ ስትገባ አልሰማኋትም። ስነቃ እጅጌዬን ሰብስባ ክንዴን ይዛዋለች። አልፈተግኩትም ነበር፤ ከሌላው ክንዴ በምንም አይለይም። ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ እጅጌዬን ቀስ ብላ እስከ አንጓዬ መለሰችና «ዛሬማ ከትናንትናውም ይበልጥ ቀልቷል» አለችኝ። እኔም አዎ አልኳት።

መንገዱን ያቅናልህ። ዓይንህን ለማየት ያብቃኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥህ፤ ለእማዬ ያቆይህ።

ታናሽ እህትህ