የእትዬ ዘይነባ በር

ማክሰኞ፣ ኅዳር 12

ጎረቤቴ እትዬ ዘይነባ አባታቸው የሠሩትን የዋንዛ በር ዛሬ ወደ እንጨት ሥራ ቤቴ አስመጡልኝ። ማጠፊያው የሚታሰርበት ቦታ በስብሶ ብሎን አልይዝ ብሏል። ሌሎች አናጢዎች «በብረት ይቀይሩት» ብለዋቸዋል።

እንጨት የምትቦረቡረውን ትንሿን ማሽን፣ ራውተሯን፣ እስካሁን የማነሳት ጠርዝ ለማለስለስ ብቻ ነበር። ዛሬ ግን ከኮምፔርሳቶ የመቁረጫ መምሪያ ፎርማ ቆርጬ በሩ ላይ በማጣበቂያ ሞርሳ አጠበቅኩትና ማሽኗን በፎርማው ጠርዝ እየመራሁ የበሰበሰውን ማውጣት ጀመርኩ።

«አደራ እንዳታበላሽብኝ፤ ሌላ የአባቴ የእጅ ሥራ የለኝም» አሉ።

«አይስጉ እትዬ፣ አውቄበታለሁ» አልኳቸው። እውነትም ማሽኗ ከፎርማው ጠርዝ ዝንፍ አላለችም።

አዲሱ የዋንዛ ቁራጭ ክፍተቱ ውስጥ ልክክ ብሎ ገባ። ሙጫው ሲደርቅ በመላጊያ ካስተካከልኩት በኋላ እትዬ መጋጠሚያውን በጣታቸው ፈልገው አጡት።

«ሸጋ ነው» አሉ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ።

ሥራ ጨርሼ ቤቴ ስገባ ማጠፊያው ከላላ የቆየውን የራሴን በር እንደ ልማዴ በትከሻዬ ደግፌ ከፈትኩት። አፈርኩ።