የቤታችንን ደብዳቤ ማን እንዳስጣለው

ውድ እትዬ፣

ለአንቺና ጉዳዩ ለሚመለከታቸው ወገኖች በሙሉ፦ ከሰባት ወር እልህ አስጨራሽ ተጋድሎ በኋላ፣ ባለፈው ማክሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሦስት መስመር ጽሑፍ በትክክለኛው ቦታ መቀመጡን በታላቅ ክብር አስታውቃለሁ። በሥነ ሥርዓቱ ላይ እኔ፣ አባባና ጡረተኛው የስልክ ሠራተኛ ጋሼ ሽቦ ተገኝተናል። ሪባን ሊቆረጥ ታስቦ ነበር፤ መቀሱ ግን አንቺ ከሄድሽ ወዲህ የት እንደገባ አይታወቅም። በሂደቱ የሰው ሕይወት አልጠፋም። የጠፋው የኔ ክብር ነው፤ እሱም ቢሆን ድሮም ብዙ አልነበረም።

መስመሮቹ ምን እንደሆኑ እነግርሻለሁ። ከዚያ በፊት ግን ያን ሰኞ ማንሣት አለብኝ። አንቺ እንዳልረሳሽው አውቃለሁ፤ እኔ እንዴት እንደማስታውሰው እንድታውቂ ብዬ ነው።

የማኅተም ቤታችንን ስም በኢንተርኔት ያስመዘገብሽው አንቺ ነሽ። ኢሜይላችን በሌላ ድርጅት ስም ሳይሆን በራሳችን ስም እንዲያልቅ። እኔ ያኔ "ማኅተም በኢሜይል አይመታ፣ ምን ይፈይድልናል?" ብዬ ስቄብሽ ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላ ደንበኛው ሁሉ በእሱ ይጽፍልን ጀመር፤ እኔም ሐሳቡ የኔ እንደነበረ ለሰው ማውራት ጀመርኩ።

ታዲያ ያን ሰኞ የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ገቡ። ከእኛ አድራሻ፣ በእኛ ስም፣ የመላጣን ጸጉር በሃያ አንድ ቀን የሚያበቅል መድኃኒት የሚያስተዋውቅ ደብዳቤ ደርሷቸዋል። "ለደንበኛ ሁሉ ነው የላካችሁት ወይስ ለእኔ ለብቻዬ?" አሉ፣ እንደ ተወለወለ ነሐስ የሚያበራውን አናታቸውን እየዳበሱ። ለሁሉም ነበር። ጠበቃዋም፣ ተቋራጩም፣ የሆስፒታሉ መዝገብ ቤትም ደርሷቸዋል። የይለፍ ቃሉን የምናውቀው ሁለታችን ነን፤ እኔ እንዳላደረግኩት ደግሞ እርግጠኛ ነበርኩ። ስለዚህ ምርመራዬ ግማሽ ደቂቃ ፈጀ። በእሳቸው ፊት፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ "ቁልፉ ያለው አንቺ ጋ ነው፤ ለማን አሳልፈሽ እንደሰጠሽው አንቺ ታውቂያለሽ" አልኩሽ።

ከአፍ የወጣ አፋፍ። አንቺ መቅረጫዎቹን ከትንሽ እስከ ትልቅ ደረደርሽ፣ ሽርጥሽን አጥፈሽ ከጎናቸው አስቀመጥሽና ወጣሽ። በሳምንቱ፣ በአውቶቡስ ሦስት ሰዓት በሚያስኬድ ከተማ፣ ማተሚያ ቤት መቀጠርሽን ከሰው ሰማሁ።

እኔ ደግሞ ጅብ ከሄደ የሚጮኸው ውሻ ሆኜ ተነሣሁ። ኢንተርኔቱን ሳገላብጥ፣ የራሱ ስም ያለው ቤት ሁሉ ከስሙ ሥር ሦስት መስመር መለጠፍ እንዳለበት አነበብኩ። ደብዳቤ የሚቀበሉ ኮምፒውተሮች መጥተው የሚያነቡት የማስታወቂያ ሰሌዳ በይው። አንደኛው መስመር በቤቱ ስም ደብዳቤ እንዲያደርስ የተፈቀደለት ማን እንደሆነ ይዘረዝራል። ሁለተኛው የማኅተም ጉዳይ ነው፤ ጥንድ ቁልፍ ይሠራል፣ አንዱ በምስጢር ተቀምጦ ደብዳቤውን ያትማል፣ ሌላው ሰሌዳው ላይ ይለጠፍና ማንም ሰው ማኅተሙን ያመሳክርበታል። ሦስተኛው ትእዛዝ ነው፤ ዝርዝሩም ማኅተሙም የማይመሰክርለት ደብዳቤ በእኛ ስም ከመጣ ምን ይደረግ?

እትዬ፣ የማኅተም ቀራጭ ልጅ ስለ ማኅተም ከኮምፒውተር ይማር? አባባ ሱቅ ሲዘጋ የቀኑን የሙከራ ወረቀት በሙሉ ሰብስቦ በቆርቆሮዋ ውስጥ ያቃጥላል፤ የማንም ማኅተም ቅጂ ከቤታችን እንዳይወጣ። ገና ማንበብ ሳንችል ይህን ሕግ ያወቅን ልጆች ነን። እና መመሪያው "ቁልፉን ሰሌዳ ላይ ለጥፍ" ሲለኝ፣ ይሄ የሌባ ምክር ነው አልኩ። ቁልፉን በወረቀት ገልብጬ፣ ከነሐስ ማኅተሞቹ ጋር፣ በብረት ሳጥኑ ውስጥ ቆለፍኩበት። ዝርዝሩም ላይ ኢሜይላችንን የሚያመላልስልንን ድርጅት አልጻፍኩትም። የማላውቀው ሰው በአባቴ ቤት ስም ምን አገባው? ሦስተኛውን መስመር ግን በሙሉ ክብደቱ አወጅኩት፦ ያልተመሰከረለት ሁሉ ወደ ቆሻሻ ይጣል። ከዚያ ወንበሬ ላይ ደገፍ ብዬ፣ ይህን ቤት ከጥፋት ያዳንኩ ሰው መሰልኩ።

በማግስቱ ጋሼ ሽቦ ለጡረተኞች ማኅበራቸው ማኅተም ሊያዙ መጡ። አንቺ የምታውቂያቸው አይመስለኝም፤ ከስማቸው ይልቅ ቅጥነታቸው ቀድሞ ይገባል። ጀብዱዬን አንድ በአንድ ሳይሆን በጥቅሉ፣ ማለትም እኔን ጀግና በሚያደርገው በኩል ብቻ፣ ተረኩላቸው። የይለፍ ቃላችን ከቤት እንደወጣ ስነግራቸው አቋረጡኝ።

"ፖስታ ጀርባ ላይ የላኪ ስም መጻፍ የማንን ፈቃድ ይጠይቃል?" አሉኝ። "እኔ የንጉሥ ስም ጽፌ ደብዳቤ ብልክልህ፣ ቤተ መንግሥት ገብቼ ነው?"

"አይደለም።"

"ቤታችሁም ማንም አልገባም፣ ልጄ። ውጭ ቆሞ ነው ስማችሁን የጻፈው። ቁልፍ የሰጠው ሰው የለም።"

ሁለት ሳምንት በቁጣ ተነፍቶ የከረመ ደረቴ እንደ ተበሳ ጎማ ሟሸሸ። እሳቸው ማኅተሙ ክብ ይሁን ሞላላ እያሉ ይጠይቁኛል፤ እኔ ዓይኔ የታጠፈው ሽርጥሽ ላይ ነው። ያን ቀን ነው የደወልኩልሽ። "ሄሎ" ስልሽ "በሰው ፊት ያልከውን በጽሑፍ አንሣው" ብለሽ ዘጋሽው። አልተቀየምኩም። እኛ ቤት ካልተጻፈ ምን ይታመናል?

እኔም በኢሜይል ጻፍኩልሽ። አልጻፈም ብለሽ እንደምታስቢ አውቃለሁ፤ ግን ስድስት ጊዜ ጽፌልሻለሁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ረጃጅም ይቅርታዎች ናቸው። ሦስተኛው ላይ ሰባት ቦታ "ግን" ስላለበት ከይቅርታ አይቆጠርም። አራተኛው የሦስተኛውን ይቅርታ ይጠይቃል። አምስተኛው "እትዬ፣ አጠፋሁ" ብቻ ነው የሚለው፤ ከሁሉ ረጅም ጊዜ የፈጀብኝ እሱ ነው። መልስ የለም። ሆድ ባሰኝ። ይቺ ልጅ ልቧ ቢቀረጽ መቅረጫ ይሰብራል አልኩና ስድስተኛውን በንዴት ጻፍኩት። አባባ እንደሆነ ስላንቺ አንድም ቃል ትንፍሽ ብሎ አያውቅም፤ የማኅተሙን ጎማ እያገላበጠ ይቀርጻል፣ ያቃጥላል፣ ይቆልፋል። በዚህ መካከል በየጠዋቱ ከታላላቅ የፖስታ ኮምፒውተሮች ባዕድ ቋንቋ የሚመስል ሪፖርት ይደርሰኝ ነበር። የጸጉር መድኃኒት ይሆናል እያልኩ ሳልከፍት አጠፋዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ዳይሬክተሩ ተቆጥተው መጡ። ለተመራቂዎች ምስክር ወረቀት ማኅተም እንድንሠራላቸው ሦስት ጊዜ ጽፈው ሦስቴም መልስ አጡ። እኔ ደግሞ ሦስቴም መልሻለሁ። አንገት ለአንገት ልንያያዝ ስንል ስልካቸውን አወጡና ወደ ስፓሙ ገቡ። ስፓም ያው የኢሜይል ቆሻሻ መጣያ ነው። ሦስቱም ደብዳቤዎቼ እዚያ ናቸው፤ ከላያቸው ሳይሞክሩት ያሸነፉት ዕጣ፣ ከታቻቸው የጸጉር መድኃኒት። "እንግዲህ ጎረቤቶችህን ተዋወቅ" አሉኝ።

እኔ ግን የሳቸውን ማኅተም አላሰብኩም። "እትዬ፣ አጠፋሁ" የምትለው ደብዳቤ ነች የመጣችብኝ። እሷም እንደዚሁ ወድቃ ይሆናል። አንቺ በጽሑፍ ብለሽ ስትጠብቂ፣ እኔ ኮራሽብኝ እያልኩ፣ ደብዳቤዋ በመካከላችን ቆሻሻ ውስጥ።

ጋሼ ሽቦን እጃቸውን ይዤ አመጣኋቸው። መነጽራቸውን አጥልቀው በዚያ ጠዋት የመጣውን ሪፖርት አንዴ፣ ሁለቴ አነበቡት። ጠላት ተገኘ ወይ አልኳቸው። ማነው ደብዳቤዎቼን የሚያስጥለው?

"አንተ" አሉኝ።

አስረዱኝ። ዝርዝሩ ላይ ፖስተኛዬን ክጃለሁ። ማኅተሜን ማመሳከሪያ ነሥቻለሁ። ከዚያ ቆሜ፣ ያልተመሰከረለት ይጣል ብዬ ለዓለም አዝዣለሁ። ዓለም ደግሞ ታዛዥ ሆኖ ተገኘ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እኔ ነኝ፤ እኔ እንዲያውም ቆጡንም አላወረድኩም።

"መጀመሪያ ይታያል፣ ቀጥሎ ይጠየቃል፣ መጨረሻ ላይ ይፈረዳል" አሉኝ። "አንተ ከመጨረሻው ነው የጀመርከው።" ስለ ሦስተኛው መስመር ነበር የሚያወሩት። እኔ ግን አንገቴን ደፋሁ።

የቀረው ቁልፉን አውጥቶ መለጠፍ ነበር፤ ለዚህ ደግሞ የአባባ ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈራሁት። አርባ ዓመት የቆለፈውን ሰው ክፈት ልለው ነው። የሚለጠፈው ቁልፍ ማመሳከር እንጂ ማተም እንደማይችል ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ነገርኩት። መቅረጫውን ሳያስቀምጥ ሰማኝና በአራተኛው ቀና አለ።

"ባንክ ቤት የማኅተም ናሙና የሚያስቀምጠው ለምንድን ነው?"

"እንዲያመሳክርበት።"

"ናሙና ያላየ ባንክ የኔንም ማኅተም ይጥለዋል። እኔ የማቃጥለው የሙከራውን ወረቀት ነው፣ ናሙናውን ለባንክ መስጠት መቼ ከለከልኩህ?" አለና ወደ ጎማው አቀረቀረ። ትንሽ ቆይቶ፣ ለጎማው ይሁን ለእኔ በማያስታውቅ ድምፅ፣ "ይሄን ሳታውቅ ነው ሰላሳ ስድስት ዓመት የሞላህ" ሲል ሰማሁት።

እነሆ ማክሰኞ በአራት ሰዓት ተኩል ቁልፉን ለጠፍን። ፖስተኛችንን በስሙ ዝርዝሩ ውስጥ አስገባን። ሦስተኛውን መስመር ደግሞ "ለጊዜው ተመልክታችሁ አሳውቁን፣ ማንንም አትጣሉ" ወደሚል አለሰለስነው። ለውጡ በዓለም ሁሉ እስኪዳረስ እስከ አንድ ቀን ሊፈጅ ይችላል ስለተባለ ረቡዕ ጠዋት ድረስ ጠበቅን፤ ከዚያ ለዳይሬክተሩ የሙከራ ደብዳቤ ላክሁ። ሰው ሁሉ "ሙከራ" ብሎ ነው የሚልከው አሉ። እኔ ግን በሳቸው ፊት ነበር ያዋረድኩሽ፤ ስለዚህ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "እህቴ በጸጉር መድኃኒቱ ጉዳይ እጇ የለበትም። በእርስዎ ፊት የከሰስኳት በሐሰት ነው።" በአምስት ደቂቃ መልስ መጣ። ደብዳቤው በፊት ለፊት በር ገብቷል። ልጅቷንም አንድ ቀን ጠርጥረዋት እንደማያውቁ ጽፈው፣ ከታች ደግሞ፣ እንዲያው ለማወቅ ያህል፣ መድኃኒቱ ይሠራ እንደሆነ ጠይቀውኛል።

ስፓም በየሰላሳ ቀኑ ራሱን እንደሚያጸዳ ጋሼ ሽቦ ነግረውኛል። አምስቱ ደግ ደብዳቤዎቼ እንግዲህ አልቀዋል። ስድስተኛው ሦስት ሳምንቱ ስለሆነ እዚያው ይኖራል። አትክፈቺው። በተለይ ስለ በቅሎ የሚያወራውን አንቀጽ።

ስለዚህ ያለቁትን በዚህ ወረቀት እተካቸዋለሁ፤ ቀልድ የሌለበት ይህ ክፍል ብቻ ነው። እትዬ፣ አላጠፋሽም። ሳልመለከት፣ ሳልጠይቅ ፈረድኩብሽ። ያውም ለዚህ ቤት ስም ያወጣሽለት አንቺ ሆነሽ ሳለ። ድሮ ኪሴን ገልብጠሽ የሰፋሽልኝ እህቴን በእንግዳ ፊት ሌባ አደረግኳት። "ግን" የለውም።

ተመለሺ አልልሽም። ማተሚያ ቤቱ እንደሚያከብርሽ ሰምቻለሁ፤ ደስ ብሎኛል፣ ትንሽም ቀንቻለሁ። በቤታችን ስም ግን አዲስ አድራሻ ከፍቼልሻለሁ፣ በስምሽ። ከየትም ሆነሽ የጻፍሽው ከእኛ እንደ ወጣ ይመሰከርለታል። የይለፍ ቃሉን ራስሽ ነሽ የምታወጪው። የመጀመሪያ መክፈቻው ጋሼ ሽቦ ጋ ነው፤ ደውይላቸው፣ ስልካቸው ከዚህ ወረቀት ጀርባ አለ። እኔ ቃሉን አላውቀውም፣ ማወቅም አልፈልግም።

በየጠዋቱ ሪፖርቱን ሳላጠፋ የማነብ፣

ወንድምሽ

ማረሚያ፦ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ አባባ ስላንቺ አንድም ቃል ትንፍሽ ብሎ እንደማያውቅ የተገለጸው ከእውነት የራቀ ሆኖ ተገኝቷል። አባባ ላለፉት ሰባት ወራት፣ ከእሑድ በስተቀር በየቀኑ፣ የሱቁ በር እንደተከፈተ "ዛሬስ ጻፈች?" ብሎ ሲጠይቅ መቆየቱ ተረጋግጧል። እሑድ የማይጠይቀው ሱቅ ስለማይከፈት ነው። ስሕተቱ የተፈጠረው ጸሐፊው እውነቱን ከተናገረ ለአባባ ብለሽ እንጂ ለሱ ብለሽ አትጽፊም ብሎ በመስጋቱ ነው። ጸሐፊው ከእንግዲህ ለማንም ብለሽ ብትጽፊ ቅር እንደማይለው በዚህ አጋጣሚ ያረጋግጣል።